ስሂን ማን ናቸው?

እናቴ ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። «የስሂን ልጅ ነኝ» ስትል ኩራቷ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ወይዘሮ ስሂን ማን እንደሆኑ ግን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ዘንድሮ ለሥራ ኮምቦልቻ ሄጄ አንድ ቀን ሲተርፈኝ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ድፍን አለ። ደሴ ስንገባ የጦሳ ተራራ ግማሽ ድረስ ጉም ተከናንቦ ነበር።

የደሴ ሙዚየም ትንሽ ነው። ቤቱ ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን ስለማውቅ በሩን ስገባ ሆዴ ባባ። ያስጎበኙኝ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ከክፍል ክፍል ይዘውኝ ዞሩና «ሌላስ ምን ላሳይሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ወይዘሮ ስሂንን።»

ፈገግ አሉ። «አብሽሪ፣ ነይ ቁጭ በይ» ብለው የመግቢያ ትኬቴን ተቀበሉኝና ጀርባውን ገለበጡት። ከደረት ኪሳቸው ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጡ።

ከላይ «ንጉሥ ሚካኤል» ብለው ጻፉ። የወሎው ጌታ፣ ቀድሞ መሐመድ አሊ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሱት። ከሥራቸው ሁለት መስመር ወረደ። በአንዱ ጫፍ ኢያሱ፣ ከሸዋረጋ ምኒልክ የተወለደው። በሌላው ጫፍ ስሂን፣ ከሌላ እናት። ስሂን የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አገቡ። ከእነሱ ሥር ደግሞ አንድ ስም ወረደ፦ መነን።

«እቴጌ መነን የስሂን ልጅ ናቸው?» ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ።

«አዎ! ልጅ ኢያሱ አጎታቸው ነው። በዕድሜ ግን ታናሻቸው!»

እስክሪብቶው ከመነን ጎን ወደ ቀኝ ሄደና «ተፈሪ» ብሎ ቆመ፣ የኋላው አፄ ኃይለ ሥላሴ። ጋብቻው 1903 ዓ.ም. ነው። የልጅ ኢያሱም እጅ ነበረበት። ቀጥለው ከተፈሪ ወደ ላይ፣ እስከ ንጉሥ ሚካኤል ድረስ፣ አንድ ሰያፍ መስመር ሰነዘሩ። መስመሩ ላይ «ሰገሌ» ብለው ጻፉበት። ጦርነቱ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው።

ሰገሌን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። የሸዋ ጦር አሸነፈ፣ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ አለቀ። እዚያች ትኬት ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሰያፉ መስመር መነን የሚለውን ስም ታክኮ ነው ያለፈው። በአንድ ወገን አያት፣ በሌላው ወገን ባል። መነን ያን ሰሞን ለማን ጸለዩ? ስሂንስ? የተማረኩት አባታቸው፣ የሸሸው ወንድማቸው፣ ያሸነፈው አማቻቸው ነው። ስለ ጦርነቱ ብዙ አንብቤአለሁ። ይህን ጥያቄ ግን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ራሴም ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ያ አበሸቀኝ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ነገሩኝ። መነን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ጫኑ። አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፉ። የእናት ስም ደሴ ትምህርት ቤት ላይ፣ የልጅ ስም አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ላይ። ስንቱ ተማሪ በየቀኑ ስማቸውን ይጠራል!

ከዚያ ወደ አይጠየፍ ወጣሁ፣ ንጉሥ ሚካኤል ወዳሠሩት የግብር አዳራሽ። እስላሙም ክርስቲያኑም ሳይጠያየፍ የሚበላበት ስለነበር ነው ስሙ ይባላል። ደጁ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ግን ንጉሡን አልነበረም። ግብር ሲበላ ጓዳውን ማን ይመራ ነበር? ጠጁን ማን ያስጥል፣ እንጀራውን ማን ያስጋግር ነበር?

ስመለስ በወይዘሮ ስሂን በር በኩል አለፍኩ። ተማሪዎች እየወጡ ነበር። አንዷን ጠጋ ብዬ «ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ስሂን ማን ናቸው?» አልኳት።

ግራ ገብቷት ወደ በሩ ጠቆመችኝ። «ይኸው፣ ትምህርት ቤታችን ነዋ!»

ትኬቱን አወጣሁላት። ጓደኞቿ ተሰበሰቡ። አንዷ በጣቷ ከላይ ጀምራ መስመሮቹን ተከተለች። ሰገሌ ላይ ስትደርስ ቆመችና «እንዴ! አያቷንና ባሏን?» አለች።

«አዎ።»

ስልኳን አወጣችና ትኬቱን ፎቶ አነሳችው። እኔም ለእናቴ ደወልኩ።