ማን ይፈርምልሻል?

የመውጫ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ቴሌግራሜ ይጨናነቃል። የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛዬ ወንድም፣ ዘንድሮ ደግሞ የአክስቴ ልጅ። ሁሉም አካውንቲንግ ነው የተመረቁት፣ ጥያቄያቸውም አንድ ነው። «ኤሲሲኤ ልጀምር?» የእንግሊዝ የአካውንታንቶች ማኅበር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫ ማለታቸው ነው።

ለአክስቴ ልጅ የመለስኩላት በጥያቄ ነው። ሥራ ይዘሻል? አለቃሽ ማን ነው? እሱስ ራሱ ቻርተርድ ነው፣ ማለትም የእንዲህ ዓይነት ማኅበር አባል?

«አለቃዬ ምን አገባው?» አለችኝ። በጣም ያገባዋል።

ኤሲሲኤ ሲባል ሰው የሚያየው 13ቱን ፈተና ነው። ማለፊያው 50 ነው፣ ልክ እንደ መውጫ ፈተናው። በዲግሪሽ ምክንያት ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹ ሊቀነሱልሽ ይችላሉ። ችግሩ 13ቱን ጨርሰሽም አባል አትሆኚም። የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠበቅብሻል። ይህ ደግሞ የሰው ሀብት ክፍል ማኅተም መትቶ የሚሰጥሽ ደብዳቤ አይደለም። ማሟላት ያለብሽ ዘጠኝ የሥራ ዓላማዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ምን እንደሠራሽ በራስሽ ቃል ትጽፊያለሽ። ያንን አንብቦ የሚፈርመው ደግሞ ሙያው ያለው አካውንታንት መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይገኝም። ፈተናውን ጨርሰው ፈራሚ ፍለጋ የሚንከራተቱ ልጆች አውቃለሁ።

እኔ ስመረቅ ሁለት ሥራ መጣልኝ። አንዱ ባንክ፣ አንዱ አነስተኛ የኦዲት ድርጅት። የባንኩ ደመወዝ ይሻላል፣ ሰርቪስም አለው። እናቴ እስካሁን «ባንክ ትታ» እያለች ለእንግዳ ታወራለች። እኔ ግን ኦዲቱን የመረጥኩት ባለቤቱ የኤሲሲኤ አባል ስለነበሩ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ሰኔ 30 ላይ ቃሊቲ ወደሚገኝ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ተላክን። የዓመት መዝጊያ ቆጠራ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ መደማመጥ አልቻልንም። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ዝርዝሩን ሰጡን። ፌሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ከዝርዝሩ ጋር ይገጥማል፣ ቆጠራውም ይገጥማል። ደስ ብሎኝ ልጨርስ ስል ሲኒየሬ «አሁን ደግሞ ከመሬት ወደ ወረቀት» አለኝ። ዓይንሽ ያረፈበትን ዕቃ ትመርጫለሽ፣ ከዚያ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን ታያለሽ ማለቱ ነው። ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ የሴራሚክ ክምር ነበር። ዝርዝሩ ላይ የለም።

«እሱ የኛ አይደለም፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሼ። «ደንበኛ ከፍሎ መኪና እስኪያመጣ ያስቀመጠው ነው።»

ሊሆን ይችላል። ግን ደረሰኙ መቼ ተቆረጠ? ገንዘቡ መቼ ገባ? ደንበኛው ራሱ «አስቀምጡልኝ» ብሎ ጽፏል? ሽያጩ ገና ካልተመዘገበ ዕቃው የድርጅቱ ነው፣ ከዝርዝሩም መቅረት አልነበረበትም። ሽያጩ ተመዝግቦ ዕቃውም ቢቆጠር ኖሮ ደግሞ ትርፉ ያለአግባብ ያብጥ ነበር። ከቆጠራው በፊት የሆነውን ከኋላው ለመለየት የመጨረሻውን የገቢ ዕቃ ደረሰኝና የመጨረሻውን የወጪ ደረሰኝ ቁጥር ጽፈን ወጣን። ከወራት በኋላ የኦዲት ፈተና ላይ ስለ ቆጠራ ሲመጣብኝ ከመጽሐፉ ይልቅ ያ መጋዘን ነበር ፊቴ የመጣው። ለፊርማው ስጽፍም አለቃዬ «የሴራሚኩን ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት፣ ፈረሙ።

ለዚህ ነው ቤት ቁጭ ብለሽ ፈተናውን ብቻ አትግፊ የምለው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ አገሩ አይኤፍአርኤስ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ እየገባ ነው። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚያውቅ ሞልቷል። የኪራይ ውል አንብቦ ሂሳቡ ላይ ምን እንደሚለወጥ ለሥራ አስኪያጅ የሚያስረዳ ግን እንደ ልብ አይገኝም።

የኤሲሲኤ ፈተናዎች ሁሉ ለኛ አገር አይመቹም፣ ይህንንም እወቂ። የኢትዮጵያ ግብር የሚጠየቅበት የታክስ ፈተና የለም። እኔ የእንግሊዝን ወሰድኩ። እንግሊዝን በእግሬ ረግጬ አላውቅም፣ ግን አንድ እንግሊዛዊ በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ ድረስ የገቢ ግብር እንደማይከፍል፣ ከ325,000 ፓውንድ በላይ ላወረሰ ሰው 40 በመቶ እንደሚቆረጥ ከእንቅልፌ ቀስቅሰሽ ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። በዚያው ሰሞን የሰፈራችን ባለሱቅ «አንቺ የተማርሽው፣ ዘንድሮ ግብሬ ስንት ይመጣል?» ብሎ ሲይዘኝ ጊዜ ስጠኝ ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ከገንዘቡ ጋር ያለው ነገር ያበሳጫል። ምዝገባው፣ ፈተናው፣ ዓመታዊ ክፍያው በፓውንድ ነው። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ፓውንዱም አብሮት ሄደ፣ ደመወዛችን ግን ባለበት ቆመ። ዲሲ ያለው የአጎቴ ልጅ በካርዱ ባይከፍልልኝ ኖሮ መንገድ ላይ እቀር ነበር። «የሠርግሽ ስጦታ ነው፣ ሌላ እንዳትጠብቂ» ብሎኛል።

ጊዜውንም አስቢበት። አብዛኛው ፈተና በዓመት አራት ጊዜ ነው። ማርች የካቲት መጨረሻ ላይ ይውላል፣ ጁን ግንቦት መጨረሻ፣ ሴፕቴምበር ነሐሴ መጨረሻ፣ ዲሴምበር ኅዳር ላይ። ኦዲት ውስጥ ከሆንሽ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ሰው አይደለሽም። ደንበኞች ሂሳባቸውን ዘግተው ግብር የሚያሳውቁበት ጊዜ ነው፣ ቅዳሜ እሁድ የለም። የነሐሴውን ፈተና የሚመዘገብ ኦዲተር አዲስ ዓመት ሳይገባ ይታመማል። ማርችና ጁን ይበቁሻል። ዲሴምበርን የሚችል ይፈተን፣ እኔ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ማጥናት አልችልም። ብቻ የመጨረሻው ደረጃ ላይ የሰባት ዓመት ገደብ ስላለ አትዘናጊ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችኝ «ታዲያ ያንቺ አለቃ ሰው ይፈልጋሉ?» ብላ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲቪዋን ወስጄላታለሁ። እናንተም የምትጠይቁት ካለ ጻፉልኝ፣ ግን ከጥቅምት 30 በኋላ።