ዓሣዎቼን ሳክም ውሃውን ረሳሁት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። እናቴ ሳሎን ቆማ «ና እስቲ፣ ዓሣዎችህ እኮ ያዛጋሉ» አለችኝ። ሄጄ ሳይ ስድስቱም ጋፒዎች (ትናንሽ የገንዳ ዓሣዎች ናቸው) ውሃው ጫፍ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ። ከታች የቀረ አንድም የለም። ስንጥባቸው በፍጥነት ይርገበገባል።

ወደ ሸጠልኝ ሱቅ ደወልኩ። ልጁ ገና ነገሬን ሳልጨርስ «ባክቴሪያ ነው» አለና ሰማያዊ መድኃኒት እንድጨምር ነገረኝ። ጨመርኩ። 60 ሊትር ውሃ እስክሪብቶ የፈሰሰበት መሰለ። እስከ ማታ ሁለቱ ሞቱ፤ በማግስቱ ሦስተኛው።

ቁጭ ብዬ ያለፈውን ሳምንት ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ነበር። ውሃውን የሚያጣራው ፊልተር ቆመ። ሲመጣ ስፖንጁን አወጣሁት፤ ቡናማ ዝቃጭ ሞልቶታል። ቧንቧ ስር ይዤ እንደ ነጠላ አሸሁት፣ ነጭ እስኪሆን ድረስ። በንጽሕናው ኮራሁ! ለካ ያ ዝቃጭ የገንዳው ነፍስ ነበር። ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ስፖንጁ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ውሃው ሲቆም በአየር እጥረት ተዳከሙ፤ የተረፉትን የቧንቧው ክሎሪን ጨረሳቸው። ሰማያዊው መድኃኒት ደግሞ ጠቃሚውንም ጎጂውንም ባክቴሪያ አይለይም።

ዓሣ የሚያረባ የሥራ ባልደረባዬ የውሃ መመርመሪያ ጠብታዎቹን አዋሰኝ። ትንሿን ብልቃጥ በገንዳው ውሃ ሞልተህ ታንጠባጥባለህ፣ ትነቀንቃለህ፣ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለህ። አሞኒያ ከሌለ ቢጫ መሆን ነበረበት። የእኔ የጎመን ቅቅል ውሃ መሰለ። የናይትራይቱም ሰማያዊ ሆኖ መቅረት ሲገባው ወደ ወይን ጠጅ ሄደ። ናይትራይት ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ለዚህ ነው ውሃው ውስጥ አየር እያለ እንኳ የሚታፈኑት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። በየቀኑ ሲሶውን ውሃ ቀየርኩ። የምጨምረው ክሎሪኑ እንዲተን በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ያደረ፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተመጣጠነ ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በረንዳው የባልዲ ገበያ መሰለ። ሁለት ቀን ምግብ ከለከልኳቸው። 60 ግራም ጨው በትንሽ ውሃ አሟሙቼ ቀስ በቀስ አፈሰስኩ፤ ጨው ናይትራይት በስንጥባቸው እንዳይገባ ያግዳል። ባልደረባዬ ከራሱ ፊልተር ቆርጦ የሰጠኝን ቆሻሻ ስፖንጅ ከእኔው ጎን ሰካሁት። ሁለቱም ጠብታዎች ዜሮ እስኪያሳዩ አምስት ሳምንት ፈጀ። ሦስቱ ጋፒዎች ተረፉ።

አሁን በሽታን ከውሃ ችግር የምለየው እንዲህ ነው። ሰርግ ቤት እንግዳው ሁሉ በአንድ ቀን ሆዱን ከታመመ ወጡን ነው የምትጠረጥረው። ገንዳም እንደዚያው ነው። ሁሉም በአንድ ጠዋት ከታመሙ መጀመሪያ ውሃውን እመረምራለሁ። አንዱ ጀምሮ በቀናት ልዩነት ሌሎቹ ከተከተሉ ግን በሽታ ነው እላለሁ።

ይህም ደረሰብኝ። በክረምት አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ የውሃው ሙቀት 19 ዲግሪ ደረሰ። ከቀናት በኋላ አንዷ ጋፒ ጠጠሩ ላይ ጎኗን ስታሽ አየኋት። ጅራቷ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ አለ። በሳምንቱ ሁሉም ላይ ወጣ። ውሃውን መረመርኩ፤ ንጹሕ ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ መድኃኒት ትክክል ነበር። ነጥቦቹ ሲጠፉ ግን አላቋረጥኩም። ነጥቡን የሚያመጣው ተሕዋስ ከዓሣው ወርዶ ጠጠር ላይ ይባዛል፣ መድኃኒቱ የሚያገኘው ልጆቹ አዲስ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ቀጠልኩ።

የተሕዋሱን የሕይወት ዑደት ለማፋጠን የውሃውን ሙቀት ወደ 30 ከፍ አድርግ የሚል ምክር በየቦታው አለ። እኔ 28 ላይ ቆምኩ። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ግፊት ሲያንስም ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የሚሠራ ምክር እዚህ ዓሣ ሊያፍን ይችላል። ሙቀቱን በቀን አንድ ዲግሪ ጨመርኩ፣ አንድ ተጨማሪ የአየር ፓምፕም አስገባሁ።

ገንዳው ሥር ደብተር አለ። ቀን፣ ሙቀት፣ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት። ስፖንጁን አሁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ፣ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርጌ ብቻ ነው። እናቴ «ይህን ሁሉ ስድስት ብር ለማያወጣ ዓሣ!» እያለች ትስቃለች። ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ ግን በባትሪ የምትሠራዋን የአየር ፓምፕ ፍለጋ ከእኔ ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት።