በብብት የበሰለ ፎቶግራፍ

ከሁለት ዓመት በፊት መንዝ ውስጥ ከበግ ጠጉር የሚለበስ ባና የሚሠሩ ባልና ሚስት ፎቶግራፍ አንሥቼ "አጥቤ አመጣላችኋለሁ" ብዬ ቀረሁ። ውሸታም ሆንኩ ማለት ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ወደ መሐል ሜዳ መንገድ ስወጣ ማሚያ አርቢ 67 ካሜራዬን ከፖላሮይድ ጀርባው (እዚያው የሚታጠብ ፊልም ከሚይዘው ተነቃይ ክፍል) ጋር የተሸከምኩት በዚህ ዕዳ ምክንያት ነው። ካሜራው ከነሌንሱ ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል፤ ዳገት ላይ በግ የተሸከምኩ ያህል ይሰማኛል። ሆኖም የጥቅልል ፊልሙ ጀርባ ተነቅሎ የፖላሮይዱ ሲገጠም ፎቶግራፉ እዚያው ደጃፍ ላይ ይደርሳል።

ፊልሙ የፉጂ ኤፍፒ-100ሲ ነው። ፋብሪካው በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረት ማቆሙን ስላስታወቀ ዛሬ የሚገኘው ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ነው። አንዱ ፓኮ አሥር ፎቶ ይይዛል፤ እኔ ሁለት ፓኮ ነበረኝ። "ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት" የሚለው ምክር ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ቀልድ ነው፤ በታኅሣሥ ቤቴ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው።

ፓኮው ገብቶ ክዳኑ ሲዘጋ መጀመሪያ ጥቁሩ መከላከያ ወረቀት ተስቦ ይወጣል። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ነጩ የወረቀት ምላስ ይሳባል፤ ያን ጊዜ ቢጫው ብቅ ይላል። ቢጫው ሲሳብ ኔጌቲቩና ወረቀቱ ተጣብቀው በሁለት ዘንጎች መካከል ያልፋሉ፤ ዘንጎቹም ጫፍ ላይ ያለችውን የመድኃኒት ከረጢት አፈንድተው መድኃኒቱን በስሱ ይዳምጡታል። የመጀመሪያዋን ስስብ መሐል ላይ አመነታሁ፤ ፎቶው ላይ መቀነት የመሰለ መስመር ተጋደመ። ሁለተኛዋን ወደ ጎን ስለሳብኳት አንድ ማዕዘኗ ባዶ ቀረ። ቀጥ አድርጎ፣ ሳያቆሙ፣ ሳይቸኩሉ መሳብ ነው። ሦስተኛዋ ላይ ነጠብጣብ ሲወጣ ጥፋቱ ዘንጎቹ ላይ የደረቀው የቀድሞ መድኃኒት ሆኖ አገኘሁት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት።

ዋናው ፈተና ግን ውርጩ ነበር። ይህ ፊልም ከተሳበ በኋላ ኔጌቲቩ ከወረቀቱ እስኪላጥ በ25 ዲግሪ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። እኛ ግን ሳሩ ነጭ በለበሰበት ማለዳ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆመናል። ሁለት ደቂቃ ቆጥሬ ስገልጠው ሰማያዊ ያጠላበት፣ የደበዘዘ ነገር ወጣ። ባልየው፣ አባባ፣ አገላብጠው አዩትና "ልጄ፣ ይህ እኔ ነኝ ወይስ ጥላዬ?" አሉኝ። ሚስታቸው እማማ ከውስጥ ሆነው ሰምተው ነበር፦ "ሊጥ እንኳ በብርድ አይቦካም! ሙቀት ስጠው እንጂ።"

ፖላሮይድ ድሮ ለብርድ የሚሆኑ የአሉሚኒየም ሳህኖች ያቀርብ ነበር፤ ፎቶው በመካከላቸው ገብቶ ሰውነት ላይ ይሞቃል። ይህን እያወቅሁ እማማ እስኪነግሩኝ አላሰብኩትም። ቀጣዩን በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ ከጋቢዬ ሥር በብብቴ ያዝኩት፤ አራት ደቂቃ ቆየሁ። የአባባ ፊት የራሳቸውን ቀለም ይዞ ወጣ። ትንሽ ማርፈዱ ይህን ፊልም እምብዛም አይጎዳውም፤ መቸኮሉ ነው የሚገድለው።

ሌላው ስሕተቴ ቅንብሩ ላይ ነው። መመልከቻው ላይ ያለውን የ6 በ7 መስመር አምኜ አነሣሁ፤ የፖላሮይዱ ጀርባ ግን 7 በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። ከመስመሩ ውጭ ያልኩት ቢጫ ጀሪካን ከአባባ በላይ ጎልቶ ተቀመጠ። ብርሃኑንም በተመለከተ የደጋ ፀሐይ ለዚህ ፊልም ትከብደዋለች፤ ነጠላው ይነጣል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ሁሉንም በር ጥላ ሥር አቁሜ ብርሃኑን ከፊታቸው ለካሁ፤ ፊልሙ ስላረጀም ግማሽ እርከን ብርሃን ጨመርኩለት።

የተላጠው ኔጌቲቭ የሚያጣብቅና ቆዳ የሚያቃጥል መድኃኒት ስላለበት ልጆች እንዳይነኩት በላስቲክ ሰበሰብኩት። ቤት ስመለስ መስታወት ላይ ለጥፌ የጀርባውን ጥቁር ቅባት በበረኪና አነሣሁት፤ የሚታተም ኔጌቲቭ ይወጣዋል። እንዲህ ካጸዳኋቸው ስድስት ኔጌቲቮች ሁለቱን ግን ስፈገፍግ ቧጨርኳቸው።

ሃያኛዋን ለራሴ ላስቀር አስቤ ነበር። ዕቃዬን ስሰበስብ እማማ ግልገል ታቅፈው ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አነሣኋቸው። ቢጫውን ምላስ ስቤ ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ፤ ካርቶኑንም ሳልሰጣቸው ፎቶውን ተቀብለው ከባናቸው ሥር በብብታቸው ሸጎጡት።