ባሕር ዛፍ ያልሸፈነው ተራራ

የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ደን ሲባል ባሕር ዛፍ ትዝ የማይለው ሰው ጥቂት ነው። እንጦጦን የሸፈነው፣ ቤታችንን ያቆመውና ምጣዳችንን ሲያግል የኖረው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ በመሆኑ፣ ከእሱ በፊት በእነዚህ ተራሮች ላይ ምን ይበቅል እንደነበር አብዛኞቻችን አናስብም። መልሱን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ሰው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ወደሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ይሂድ እላለሁ።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በዚህ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ሲነገር ኖሯል። ከታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ተቀላቅለው ይቆማሉ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶው ይበዛል፤ ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ደግሞ አስታና ጅባራ ይቀበሉዎታል። ከባሕር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ በቅጡ ስለማይበቅል አራዊቱም አእዋፉም የሚበሉትና የሚሸሸጉበት ያጣሉ፤ እዚህ ግን ከመሬት እስከ ዛፉ አናት ድረስ ነዋሪ ያልያዘው እርከን የለም።

እኔ አብዝቼ የምቀመጠው ጉሬዛ ካለበት ዛፍ ሥር ነው። ጉሬዛ በዋናነት ቅጠል በል ስለሆነና ቅጠል በሆዱ ውስጥ ተብላልቶ እስኪፈጭ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ከበላ በኋላ ቅርንጫፍ ላይ ተደላድሎ ለሰዓታት ያርፋል፤ ታጋሽ ተመልካች ነጭ ካባውን፣ ረጅም ጭራውን፣ ዕድለኛ ከሆነም ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ የሚወለደውን ግልገል በእናቱ ደረት ላይ ያያል። የምኒልክ ድኩላ እንዲህ አይጠብቅም። ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ሴቷ ቀላ ያለች ስትሆን፣ ሰው ሲሸታቸው እንደ ውሻ ጮኸው ቁጥቋጦ ውስጥ ይሰወራሉ። ከአእዋፉ መካከል በጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት አረንጓዴዋ ቱራኮ ትማርከኛለች፤ ተቀምጣ ሳለች ከቅጠሉ አትለይም፣ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ደማቅ ቀዩ ይገለጣል፤ ይህ ቀለም መዳብ ያለበት መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ስለዚህም በስፒከር ሙዚቃ እያሰሙ የሚገቡ ቡድኖች ያሳዝኑኛል፤ ደክመው የመጡበትን ነገር ራሳቸው አባርረው ይመለሳሉ። ለመዝናናት የሚመጣውን ሰው አልቃወምም፣ እንዲያውም ልጆችን ይዞ የሚመጣ ይብዛ፤ ነገር ግን ድምፅን ዝቅ ማድረግና ፌስታልን ይዞ መመለስ ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

በክረምት ጥርጊያ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ከጥቅምት በኋላ መሄድ ይሻላል። ማለዳ ይግቡ፤ አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ ይያዙ፤ ከፍታው ብርድ ስላለው ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ አይርሱ፤ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለው ዘመድ ካለዎትም ተውሰው ይሂዱ።