ቀለም ሳይነካው የሚለይ ፈረስ

የሬዚን ፈረስ፣ ማለትም ፎርማ ውስጥ ፈስሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ የሚሠራ የፈረስ ሞዴል፣ የሚሰበስብ ሰው አዲስ ሥራ ሲያይ ዐይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። እኔ ግን ፈረሱን ገልብጬ የሆዱን ሥር፣ የእግሮቹን ውስጠኛ ጎንና የሰኮናውን ግርጌ ሳላይ ስለ ጥራቱ አልናገርም። ቀለም ቀቢው የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን፣ ከእርሱ በፊት የተሠራውን ስንፍና ለጊዜው ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያርመውም፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ሽፋኑን ቶሎ ይገልጠዋል።

ብዙዎቻችን በልጅነት የምናውቀው የፈረስ ሞዴል የፕላስቲክ ነው። የቺካጎው ብሬየር ኩባንያ በ1950 እ.ኤ.አ. ለአንድ የሰዓት አምራች ጌጥ እንዲሆን የሠራው ፈረስ ከጊዜ በኋላ ለብቻው መሸጥ ጀመረ፤ የሚሠራውም ሴሉሎስ አሲቴት የተባለውን ፕላስቲክ ወደ ብረት ፎርማ በግፊት በማስገባት ነበር። የብረት ፎርማ ውድ ነው፣ ነገር ግን ሺህ በሺህ ያወጣል። የሬዚን ፈረስ መንገዱ ሌላ ነው። ቀራጩ የሽቦ አጽም አቁሞ በላዩ ላይ የኤፖክሲ ሊጥ እየደረበ አንድ ዋና ቅርጽ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ሲሊኮን ፈስሶ ፎርማ ይወጣል፤ ወደ ፎርማውም ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት ፖሊዩሪቴን ሬዚን ይፈስሳል። ሲሊኮን የፈረሱን የጅማት መስመርና የዐይን ቆብ ሳይቀር ይቀዳል፣ ሆኖም በየቅጂው እየደከመ ሄዶ ይቀደዳል። የሬዚን ፈረስ ቁጥሩ የሚወሰነውና ዋጋው የሚወደደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ፈሳሾቹ ከተቀላቀሉ በኋላ የሚሰጡት ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው፤ ቦታው ሲሞቅ ደግሞ ይኸው ጊዜ ይበልጥ ያጥራል። ከሁለቱ አንዱ እርጥበትን አይወድም፤ ውሃ ሲያገኘው ጋዝ ይለቅቅና ሬዚኑን በአረፋ ይሞላዋል። ጠንቃቃ ሠራተኛ ፎርማውን በታመቀ አየር ጋን ውስጥ የሚያስቀምጠው አረፋው እንዳይታይ ሆኖ እንዲጨመቅ ነው። ይህን ያልተደረገለት ፈረስ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ በመርፌ የተወጋ ይመስል ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል፤ አንዱን ሲደፍኑት ሌላው ይከፈታል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እግሩ ነው። የፈረስ ቅልጥም ቀጭን ነው፣ የተሸከመው ገላ ግን ድፍን ሬዚን ሲሆን ከባድ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቅጂ አውጪ ሬዚኑን ከማፍሰሱ በፊት በእያንዳንዱ እግር ቦታ ሽቦ ያስቀምጣል። ሽቦው ከመሀል ወጥቶ ወደ ጠርዝ ከተጠጋ ከጊዜ በኋላ ቆዳውን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ጭራሹን ከሌለ ደግሞ ሬዚን በሙቀት ስለሚለሰልስ ፈረሱ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ቀትር ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ወይም ምዕራብ በሚያይ መስኮት ሥር የሚደርሰውን መገመት አያዳግትም። ያልተቀባ ፈረስ ከሆነ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አቃንቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማጽናት ይቻላል፤ ከተቀባ ግን ቀለሙ ይሰነጠቃል። ሐረር ያሉ ሰብሳቢዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ከተማው ከፍታ ላይ ነው፣ የጁገል ውስጥ ነባር ቤቶችም ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች ስላሏቸው ከቀጥታ ፀሐይ የራቀ ማሳያ ያገኛሉ። ፀሐይ ሬዚኑን ቢጫ ስለምታደርገው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከቀለም በፊት ያለው ዝግጅት አሰልቺ ስለሆነ ብዙዎች ያቻኩሉታል። የፎርማው ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት መስመር በሞረድ ይወገዳል፤ ከዚያ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። እርጥብ የምለው አቧራው ለሳንባ ክፉ ስለሆነ ነው፤ ጭምብልም ግዴታ ነው። ቀጥሎ ፈረሱ በሳሙና ይታጠባል፤ ከፎርማው የቀረ ቅባት ካለበት ፕራይመሩ፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መሠረት፣ አይዝም። ብርጭቆ ወረቀቱ እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ ይገኛል፤ ፕራይመር አረጫጨትን በተመለከተ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጋራዥ ቀለም ቀቢዎች የተሻለ አስተማሪ አላየሁም፤ ስስ አድርጎ ደጋግሞ መርጨትን እነርሱ ያውቁበታል።

ቀለሙ ላይ ስደርስ የምፈልገው ውበት ብቻ ሳይሆን የፈረስ ዕውቀትም ነው። አምባላይ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ጠቁሮ ወይም ዳማ ሆኖ ተወልዶ ከዕድሜ ጋር የሚነጣ ነው፤ ከነጩ ጠጉር ሥር ያለው ቆዳ ግን ጥቁር ስለሆነ በአፍንጫውና በዐይኑ ዙሪያ ጥቁረቱ መታየት አለበት። በቦራ ፈረስ ግንባር ላይ ካለው ነጭ ሥር ደግሞ ቆዳው ሮዝ ነው፤ ነጩ ወደ አፍንጫ ከወረደ ሮዙ እዚያ ይታያል። ቀቢው አምባላዩን ሮዝ አፍንጫ ከሰጠው ፈረስ አላየም ማለት ነው። አክሪሊክ የተባለው በውሃ የሚቀጥን ቀለም በድሬዳዋ ደረቅ አየር በኤር ብራሹ (ቀለም በአየር በሚረጨው መሣሪያ) አፍ ላይ ስለሚደርቅ፣ ለስላሳ የቀለም ሽግግር የሚፈልጉ ሰዎች የተፈጨ ፓስቴል (ባለ ቀለም ጠመኔ) በብሩሽ እያበሱ በማይንጸባረቅ ቫርኒሽ ያጸኑታል፤ የሚያንጸባርቀውን ቫርኒሽ ለዐይን ብቻ ያስቀሩታል።

አሁን ሻጭ የተቀባ ፈረስ ፎቶ ሲልክልኝ፣ ከፕራይመር በፊት የተነሣውን ነጩን ፎቶ፣ በተለይም የአራቱን እግሮች፣ እንዲጨምርልኝ እጠይቃለሁ። ያን ፎቶ የሚያስቀምጥ ሠሪ ከጠየቀኝ ዋጋ ጋር ብዙ አልከራከርም።