«መብቴን እንዲለማመድ» ብዬ የተረጎምኩ ጊዜ

ይህን የምጽፈው ከውጭ አገር የመጣ ውክልና የሚያስተረጉም ሰው እኔ ያባከንኩትን ሦስት ሳምንት እንዳያባክን ነው።

አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ሐዋሳ ያለውን ቤቷን እንድሸጥላት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውክልና ላከችልኝ። ኤምባሲ አስረጋግጣዋለች፤ አዲስ አበባ ወርጄ ውጭ ጉዳይም አስመሰከርኩ፤ ያለ ችግር አለቀ። የቀረው ትርጉም ብቻ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ሌላ ሰው ይተርጉምልኝ ማለት ከበደኝ። ራሴ ተረጎምኩና ትርጉም ቤት ወስጄ ማህተም አስመታሁ።

ወረቀቱ ላይ «ኤክሰርሳይዝ» የሚለው ቃል አራት ቦታ ይገኛል። ክፍል ውስጥ ዘወትር «መልመጃ ሁለትን ሥሩ» ስል ስለምውል፣ ሳላስበው «ወንድሜ መብቴንና ሥልጣኔን ሁሉ እንዲለማመድ» ብዬ ጻፍኩ።

ይዤው ሰነድ ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ባለሙያ አነበበች፣ ቀይ እስክሪብቶ አነሳች፣ አራቱንም ቦታ አሰመረችባቸው። «ጋሼ፣ እህትዎ ቤቱን እንዲሸጡ ነው የወከሉዎት ወይስ መሸጥ እንዲለማመዱ?» አለችኝ። ሰልፍ ላይ ያሉት ሳቁ። ተናድጄ ወጣሁ፤ «መብትን መለማመድ» በየስብሰባው ይባል የለ እንዴ? ማታ ግን ደጋግሜ ሳነበው ልክ ነበረች። መለማመድ ያልቻሉትን እስኪችሉ መደጋገም ነው። ወታደር ይለማመዳል፣ ዘማሪ ይለማመዳል። እህቴ ግን በቤቷ ላይ ያላት መብት ዛሬውኑ ሙሉ ነው፤ የምለምደው ነገር የለም።

«መብቴን እንዲጠቀምበት» ብዬ አስተካክዬ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ሌላ ባለሙያ ነበር። «ተጠቃሚው ማነው? ገንዘቡ ለእርስዎ ነው እንዴ?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። እርግጥ ነው፣ በእኛ ቋንቋ መጠቀም ማለት ጥቅም ማግኘትም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2199 ደግሞ ተወካይን ለወካዩ የሚሠራ ያደርገዋል። አሁንም የሚያንገበግበኝ፣ የሚቀበሉትን አባባል የመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም ነበር። የሚሉት «ቃል በቃል ይተርጎም» ብቻ ነው። ቃል በቃል መተርጎሜ ነው የጣለኝ! እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ማን ምን ያድርግ እንደሚል ጠይቁና እሱን ጻፉ።

በሦስተኛው «በእኔ ስም ሆኖ መብቴን ሥራ ላይ እንዲያውል» አልኩ። ወዲያው አለፈ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ማናቸውንም መብት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ቤት አያሸጥም። የዚያው ሕግ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ዘመዳችሁ ኤምባሲ ከመሄዱ በፊት «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መጻፉን አረጋግጡ። የእህቴ ላይ ነበረ፤ ባይኖር ኖሮ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። የደም ግፊቴን የሚከታተለው ሐኪም «ኤክሰርሳይዝ አድርግ» ሲለኝ ጠዋት ጠዋት ታቦር ተራራ መውጣት ነው። የመድኃኒት ወረቀት ላይ «ኤክሰርሳይዝ ኮሽን» ተብሎ ከ«ጥንቃቄ» ጋር ሲመጣ «ይጠንቀቁ» ብቻ ይበቃል። ቃሉ የመጣበት የላቲኑ ግሥ ሥራ ማስያዝ፣ ያለ ዕረፍት ማሠራት ማለት ነበር። የእኛም ቋንቋ እዚያው ቦታ መድረሱ ደስ አለኝ፦ ስፖርት ይሠራል፣ መልመጃ ይሠራል፣ መብትም ሥራ ላይ ይውላል። ይህን ቀድሜ አስተውዬ ቢሆን ኖሮ!

በቀይ የተሰመረበትን ወረቀት ክፍል ይዤ ገብቼ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። አንዷ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ኤክሰርሳይዝ ቡክስ ምን ተብሎ ይተርጎም?» አለች።

«ደብተር» አልኳት።