ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፦ የዩሮቪዥን ሰሞን በጎጃም

ዩሮቪዥንን በፍጻሜው ቅዳሜ ማታ ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ሳያይ ነው የሚቀረው። ይህን ለወዳጆቼ ደጋግሜ ብነግርም ሰሚ አላገኘሁም፤ ስለዚህ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ልምምዱን እየተከታተልን ጎጃምን ያቋረጥንበትን ጉዞ ልጻፈው።

ለማያውቀው ሰው፦ ዩሮቪዥን በዋናነት የአውሮፓ አገሮች በየዓመቱ የሚፎካከሩበት የዘፈን ውድድር ነው፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ፣ በ7 አገሮች ነው። ዘፈኑ ከ3 ደቂቃ አይበልጥም፤ መድረክ ላይ ከ6 ሰው በላይ አይወጣም፤ ዋናው ድምፅ እዚያው በቀጥታ ይዘፈናል። ከፍጻሜው በፊት ሁለት ሳምንት ገደማ ልምምድ አለ። እያንዳንዱ አገር መጀመሪያ 30 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 20 ደቂቃ መድረኩን ያገኛል፤ ከዚያ ሙሉ ልብስ ተለብሶ፣ ሙሉ መብራት በርቶ የሚደረገው ልምምድ ይመጣል። ሰው የማያውቀው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ከነጥቡ ግማሹን የሚሰጡት የየአገሩ የሙያ ዳኞች የሚፈርዱት ቅዳሜ ሕዝቡ በሚያየው ትርኢት ላይ አይደለም፤ ዓርብ ማታ በሚደረገው ልምምድ ላይ ነው። ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ስትከፍቱ ግማሹ ፍርድ ተፈርዶ አድሯል።

ያ ዓመት ለእኛ የተለየ ነበር። ኢየሩሳሌም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደችው ኤደን አለነ እስራኤልን ወክላ ውድድሩ ወደሚካሄድባት ከተማ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ወዳለችው ሮተርዳም ገብታለች። እሷ እኮ የተመረጠችው ለእ.ኤ.አ. 2020 ነበር፤ የዚያ ዓመት ዘፈኗ ከእንግሊዝኛ፣ ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ ጋር አማርኛም ነበረበት። ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ፤ ከተጀመረ ወዲህ የተሰረዘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደንቡ ደግሞ የዓምናውን ዘፈን ለዘንድሮ ይዞ መቅረብን ስለማይፈቅድ አማርኛው መድረኩን ሳይረግጥ ቀረ። ታናሽ እህቴ ይህን በደል እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

ጉዞውን ያሰብነው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ግማሽ ፍጻሜ ደብረ ማርቆስ አጎታችን ቤት፣ ፍጻሜውን ባሕር ዳር ጓደኛችን ዘንድ። ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ነው የተሳፈርነው። ሁሉም ሰው ማስክ አድርጓል፤ ሾፌሩ መስኮት ክፈቱ እያለ ያስጠነቅቃል። እህቴ ጎሐ ጽዮን እስክንደርስ ድረስ ከየልምምዱ የሚለቀቁትን አጫጭር ቪዲዮዎች ስልኳ ላይ ስታወርድ ነበር። የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ሲጀመር ኔትወርኩ ሄደ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ፣ አሮጌውና አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ እሷ ያወረደችውን የኤደንን ልምምድ ደጋግማ ታዳምጣለች። መጨረሻው ላይ ድምጿ ቀጥኖ ቀጥኖ ጣሪያ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ በውድድሩ ታሪክ ከፍተኛው ኖታ ተብሎ የተዘገበው እሱ ነው። «በመጀመሪያው ልምምድ ትንሽ ፈርታዋለች፣ በሁለተኛው ግን ይዛዋለች» አለችኝ። ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁ፤ እውነቷን ነበር። ደጀን ላይ ምሳ በልተን ማርቆስ የገባነው ገና በቀን ነው።

አጎታችን በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ የተማረ፣ ኋላ አስተማሪ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ማርቆስን ዛሬም መንቆረር እያለ ነው የሚጠራት። ጎጃም የግሽ ዓባይ ኪነትን ያሳደገ አገር ስለሆነ የመድረክ ልምምድ ማለት ምን እንደሆነ አስረዱኝ የሚል ሰው አይደለም። ቡናው እየተፈላ፣ እህቴ ላፕቶፑን ከፍታ ጎ-ኤ የሚባለውን የዩክሬኖቹን ባንድ ልምምድ አሳየችው። ዘፋኟ ጉሮሮዋን ከፍታ፣ ድምጿን ሳታስጌጥ ነው የምትለቀው፤ የገጠር ዘፈን አዚያዜም ነው። አጎቴ ሲኒውን አስቀመጠና ወደ ስክሪኑ ቀረበ።

«ይቺ ከማዶ ለማዶ እንደሚጠራራ እረኛ ናት» አለ። «ማይክ ባይሰጧትም ትሰማለች።»

«ጋሼ፣ አንድ ቀን አሟት ሌላ ሰው ነው የተለማመደላት» አለችው እህቴ።

ነገሩ እውነት ነው። ዘፋኟ አንዱን ልምምድ ሕመም ተሰምቷት ሆቴል ስትቀር፣ አንዲት የኔዘርላንድስ ወጣት ተተክታ ዘፈነችው፤ በዩክሬንኛ። በዩሮቪዥን ተተኪ ተለማማጅ የሚባሉ አሉ፤ ካሜራና መብራቱ የሚስተካከለው ተወዳዳሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እነሱ እየዘፈኑ ነው። ስማቸው የትም አይጠራም፣ ግን የአገሩን ሁሉ ዘፈን አጥንተው ይመጣሉ። ዘፋኟ የኮሮና ምርመራዋ ነጻ ሆኖ ተመለሰች። አጎቴ ግን ልቡ የቀረው በዚያች በተተካችው ልጅ ላይ ነው፤ «የማታውቀውን ቋንቋ ዜማውን ሳትስት?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀን።

ከዚያ የራሱን ነገረን። ቅኔ ቤት ቀን ቀን ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ ለየኔታ ይናገራል። የኔታ አንዷን ቃል ይነቅላሉ፣ አንዷን ይተክላሉ፤ ተማሪው በነጋታው ሌላ ይዞ ይቀርባል። «በበዓል ቀን ማኅሌት ላይ የሚሰማው ቅኔ ሕዝቡ የሚያየው ነው። ሊቁ ግን ማታ ማታ የኔታ ፊት የተናገርከውን ነው የሚያውቅብህ» አለ። የሦስት ደቂቃውን ደንብ ስነግረው ምንም አልደነቀውም። «ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ እኮ ሁለት ቤት ናት። ያለው ሰው በሁለት ቤት ይጨርሳል።» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወረቀት አውጥቶ እንደ እኛው ነጥብ መስጠት ያዘ፦ 12፣ 10፣ ከዚያ ከ8 እስከ 1።

ግንቦት 10 ማክሰኞ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ግማሽ ፍጻሜ ተጀመረ። 16 ዘፈኖች፣ የሚያልፉት 10። አዳራሹ በኮሮና ምክንያት 3,500 ሰው ብቻ ነው የያዘው፤ ግን ጩኸቱ ማርቆስ ድረስ ይሰማል። የአየርላንዷ ዘፋኝ በወረቀት ቅርጾች የተሠራ ውብ ዓለም ውስጥ እየሮጠች ዘፈነች፤ ውበቱን እያየሁ ሩጫው ትንፋሿን ሲወስድባት ተሰማኝ፣ አላለፈችም። አውስትራሊያ በጉዞ ክልከላው መምጣት ስላልቻለች እዚያው አገሯ የተቀዳው ተላለፈላት፤ እሷም ወደቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ኤደን ያቺን ኖታ ስትደርስ እህቴ የአጎቴን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ነካችው። እስራኤል ማለፏ ሲነገር የአጎቴ ሚስት ከመኝታ ቤት «ምን ተፈጠረ?» ብላ ወጣች፤ እልልታውን እሷ ጨረሰችልን።

ስለ ቀጣዩ መንገድ ብዙ አልልም። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፤ መሬቱ እየታረሰ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ኮሶበር አካባቢ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የዲከረንስ ዛፍ ደንና ከሰል የተሞላ ጆንያ ተደርድሯል። እዚያ ሳለን ነው የአይስላንዶቹ ወሬ የደረሰን፦ ከባንዱ አባላት አንዱ ኮሮና ተገኝቶበታል። ዘፋኙ ዳዲና ጓደኞቹ አንድ ሰው አጉድለን መድረክ አንወጣም አሉ። ታዲያ ምን ይደረግ? ግንቦት 5 ላይ የተለማመዱት ተቀርጾ ነበርና እሱ እንዲተላለፍ ተወሰነ። እስቲ አስቡት፤ ሰዎቹ ሆቴል ተዘግተው፣ በዓለም ፊት የሚቀርበው የልምምድ ቀን ሥራቸው ነው። ያን ቀን «ለልምምድ ምን አለበት» ብለው ዘና ብለው ቢሆን ኖሮ አለቀላቸው። እህቴ አውቶቡስ ውስጥ ያንን ቀረጻ እያሰበች «አንዲት እርምጃ አልሳቱም እኮ!» ስትል አጠገባችን ያሉት እናት ስለ ዘመድ የምታወራ መስሏቸው «እግዜር ይማራቸው» አሉ።

ሐሙስ የሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ መክፈቻ ሳን ማሪኖን የወከለችው ሰንሂት ነበረች፤ ከኤርትራውያን ወላጆች ቦሎኛ የተወለደች። በአንድ ሰሞን ሁለት የሐበሻ ልጆች! እሷም አለፈች፤ አይስላንድም በቀረጻው አለፈ።

ዓርብን ግን አልረሳውም። ጣና ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ አዝዘናል። ሰዓቱ 4 ሊሆን ሲል ጓደኛችን ስልኩን አየና «አሁን እኮ ዳኞቹ ሊፈርዱ ነው» አለ። የሚያሳየን ቴሌቪዥን የለም፤ ያ ልምምድ ለሕዝብ አይተላለፍም። ሮተርዳም ውስጥ 25ቱ ዘፋኞች ቆመው እየዘፈኑ፣ የየአገሩ ዳኛ በየአገሩ ሆኖ ደረጃ እየሰጠ፣ አይስላንዶቹም በቀረጻቸው ተሰልፈው፣ እኛ እዚህ ውሃውን እያየን ሆዳችን ተላወሰ። ማን ድምፁ ዘጋው? ማን ተሳካለት? ወሬ እየቃረምን ዓሣው ቀዘቀዘ። ኋላ አዝማሪ ቤት ገባን። ጓደኛችን አዝማሪውን «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሰጠው፦

ዓርብ ዳኛ ፈርዶ፣ ቅዳሜ ሲል ሕዝቡ፣
ዘፋኞቹ ሁሉ ሁለት ችሎት ገቡ።

አዝማሪው ነገሩን ባያውቀውም ግጥሙ ጥሞት በማሲንቆው ደጋግሞ አዜመው፤ ቤቱ የምርጫ ወሬ መስሎት አጨበጨበ። ሰኔ ላይ ምርጫ ነበርና።

ቅዳሜ ግንቦት 14 በጓደኛችን ሳሎን ግድግዳ ላይ አንሶላ ተወጥሮ፣ ፕሮጀክተር ተውሰን፣ አጎቴ ነጥቡን በስልክ ልኮ ተሰበሰብን። አጎቴ 12ቱን ለዩክሬን ሰጥቷል። እህቴ 12 ለኤደን፣ 10 ለማልታዋ ዴስቲኒ። እኔ ለፈረንሳይዋ ባርባራ ፕራቪ፤ ብቻዋን ቆማ፣ ያለ ምንም ጌጥ፣ በሁለቱም ልምምድ እኩል የዘፈነች እሷ ነበረች። የእኛ ነጥብ የትም አይደርስም፤ ያን ጊዜ ከተሳታፊ አገሮች ውጭ ያለ ሰው ድምፅ መስጠት አይችልም፣ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

የዳኞቹ ነጥብ ሲያልቅ ስዊዘርላንድ በ267 ቀደመች፣ ፈረንሳይ 248፣ ማልታ 208፣ ጣሊያን 206። እንግሊዝ ባዶ። ከዚያ የሕዝቡ ነጥብ ከታች ወደ ላይ መነገር ጀመረ። ለእንግሊዙ ጄምስ ኒውማን ከሕዝብም ዜሮ ሲባል፣ ሰውየው ከመቀመጫው ተነሣ፤ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት። እኛም አጨበጨብን። ጀርመን፣ ስፔንና አስተናጋጇ ኔዘርላንድስም ከሕዝብ አንድ ነጥብ አላገኙም። ኤደን በ93 ነጥብ 17ኛ ሆነች፤ እህቴ ለአፍታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ከዚያ «ያቺን ኖታ ግን ማን ይነካታል!» አለች።

ጣሊያን ላይ 318 ሲነገር ሳሎኑ ተነቃነቀ። ጣሊያንን የወከለው ባንድ፣ የማነስኪን ልጆች በድምሩ 524 ገቡ። ማልታ ከሕዝብ 47 ብቻ። ፈረንሳይ 251 አግኝታ 499 ላይ ቆመች፤ 25 ነጥብ ጎደላት፣ እኔም ዝም አልኩ። የቀረችው ስዊዘርላንድ 258 ያስፈልጋት ነበር፤ 165 ተባለ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1990 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በታሪኳ ለ3ኛ ጊዜ አሸነፈች። አይስላንዶቹ ከሆቴል ሳይወጡ፣ በዚያች የልምምድ ቀረጻ፣ በ378 ነጥብ 4ኛ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር።

እሑድ አጎቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ደወለ።

«ያቺ እረኛዋ ስንተኛ ወጣች?»

«5ኛ፣ ጋሼ። በሕዝብ ግን 2ኛ፣ 267 ነጥብ።»

«ዳኞቹስ?»

«97 ብቻ።»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ዓርብ ማታ የዘፈነችውን አምጡልኝ» አለ። ለሕዝብ የሚለቀቅ አይደለም ብንለው አልሰማም፤ ዳኞቹ የሰሙትን ሳይሰማ ፍርዱን እንደማይቀበል ነግሮን፣ ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት፤ እሷም የምትጠይቀው ስለ ኤደን ነበረ።